ጉልበቱ ያለቀ እንስሳ በእኛ ላይ ያለው ሐቅ

(በሬድዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ አንባቢያን የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሁለቱን ዛሬ አንድ ላይ እንመለከታለን።

የመጀመሪያውን የጻፉልን ደሴ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ 14 ዓመት የኖረች ድመት አለች። ትልቋ ልጃቸው አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት የመጣች ናት፤ ልጅቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ድመቷ አይጥ መያዝ ካቆመች ቆይታለች። ጥርሷ ረግፏል፣ ከስታለች፣ ውሃ ያለ ልክ ትጠጣለች፣ ያገኘችበት ቦታም ትሸናለች። በቅርቡ ደግሞ መስገጃ ላይ ሸናች። አባወራው በዚህ ተቆጥተው «ይህ ቤት ሶላት የሚሰገድበት ቤት ነው። በጆንያ አድርጌ ገበያ ወስጄ እለቃታለሁ፤ ሪዝቋን እዚያ ትፈልግ» አሉ። እናት ግን ልባቸው አልፈቀደም። «ባለቤቴ ልክ ከሆነ ልቤን ላሳርፍ፤ ልክ ካልሆነም ከእርስዎ አንደበት ይስማው» ብለው ጽፈዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ ወንድማችን፣ የ10 ዓመት ልጁ በሽቦ ቤት ውስጥ የሚያሳድጋት ነጭ አይጥ አለችው። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፤ አይጥ። እዚያ አገር እንዲህ ያሉ ትንንሽ አይጦች በሱቅ ይሸጣሉ፤ ልጆችም እንደ ርግብና እንደ ጥንቸል ያሳድጓቸዋል። አይጧ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለአይጥ ይህ የእርጅና ዕድሜ ነው። ሆዷ ሥር እብጠት ወጥቶባታል፣ ፀጉሯ ቆሟል፣ ወደ ምግቧ መውጣት አቅቷታል። አባትየው «አይጥ እንድትገደል በሐዲስ የተፈቀደች ፍጡር አይደለችም ወይ? ልጄ ሌሊት እየተነሳ ውሃ ሲያጠጣት ሳይ ልከልክለው ወይስ ልተወው ግራ ገባኝ» ሲል ጠይቋል።

ድመትና አይጥ ሳይጣሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያየሁት ሁለቱ ደብዳቤዎች በመጡበት ሳምንት ነው። ቀልዱን ትተን፣ ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። እንስሳው መጥቀሙን ሲያቆም፣ በእኛ ላይ ያለው ሐቅስ አብሮ ያቆማል ወይ?

ወገኖቼ፣ ስለ ድመት ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው ሐዲስ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አንዲት ሴት በድመት ምክንያት እንደተቀጣች ነግረውናል። ሴትዮዋ ድመቷን አሰረቻት፤ አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም፣ ከምድር ተንቀሳቃሽ ነፍሳት ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ በዚሁ ሞተች። ይህን ሐዲስ ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። ሆኖም ብዙዎቻችን ከሐዲሱ የምንይዘው «ማሰር» የሚለውን ብቻ ነው። የደሴው አባወራም «እኔ መቼ አሰርኳት? እንዲያውም እለቃታለሁ» ይሉ ይሆናል።

እስቲ ሐዲሱን ቀስ ብለን እንመልከተው። በሐዲሱ ውስጥ ሁለት መንገዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው ማብላት ነው። ሁለተኛው፣ ራሷን እንድትመግብ መልቀቅ ነው። መልቀቅ መንገድ የሚሆነው እንግዲህ ተለቅቃ መብላት ለምትችል ድመት ነው። ጥርስ የሌላት፣ ዓይኗ የደከመ፣ ከግንብ ግንብ መዝለል ያቃታት ድመት በማታውቀው ገበያ መሐል ከጆንያ ስትፈታ ምን ትይዛለች? ድመት ከሰው ይልቅ ቦታ የምትለምድ ፍጡር ናት። ጥጉን፣ ቀዳዳውን፣ የምትሸሸግበትን ጣሪያ የምታውቀው በራሷ ሰፈር ነው። እዚያ ገበያ ውስጥ የሰፈሩ ድመቶች አያስጠጓትም፤ ውሾችም አሉ። እርጅና በራሱ እስር ነው። እግሯን ይዟታል፣ አፏን ይዟታል። ይህችን ድመት ጆንያ ፈትቶ መልቀቅ፣ በር ዘግቶ ከማስራብ በምን ይለያል? ልዩነቱ ስትሞት አለማየታችን ብቻ ነው።

ይህን ከራሴ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። የማሊኪያ ፉቀሃእ፣ ዓይኗ የጠፋ ድመት አንድ ሰው ቤት ገብታ መውጣት ካቃታት ቀለቧ በዚያ ሰው ላይ ግዴታ ይሆናል ብለው ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ ይህች ድመት የእሱ አይደለችም። አላሳደጋትም፣ አልገዛትም። መሄድ ስላልቻለች ብቻ ቀለቧ በእሱ ላይ ወደቀ። እንግዲህ 14 ዓመት ቤታችን የኖረችውማ እንዴት ይሆን?

የእኛን አገር መድረሳዎች የሚያውቅ ሰው የኢማም ነወዊይን ሚንሃጅ ያውቃል። ኢማም ነወዊይ በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ ሲሆን ኪታባቸው እስከ ዛሬ ይቀራል። በቀለብ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የእንስሳትን ቀለብ ጉዳይ አስቀምጠዋል። ባለቤቱ አልቀልብም ካለ ቃዲው ያስገድደዋል። ሥጋው የሚበላ እንስሳ ከሆነ ሦስት ምርጫ አለው፤ ይሽጠው፣ ይመግበው ወይም ይረደው። ሥጋው የማይበላ ከሆነ ግን ምርጫው ሁለት ነው፤ ይሽጠው ወይም ይመግበው። ለድመት ሲሆን ይህ ማለት ወይ በደንብ ለሚይዛት ሰው አስረክባት፣ ወይ ራስህ መግባት ማለት ነው። ጆንያ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ከሁሉም በላይ ግን ለዛሬው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጡን ሌላው የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ፣ ሱልጧኑል ዑለማእ በሚል ማዕረግ የሚታወቁት ዒዝዙዲን ኢብን ዐብዲሰላም ናቸው። ደማስቆ ተወልደው በ660 ዓመተ ሂጅራ (በ1262 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ያረፉ፣ ገዢዎችን ፊት ለፊት በመናገር የሚታወሱ ሰው ናቸው። ቀዋዒዱል አሕካም በተባለው ኪታባቸው ውስጥ እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረዋል። ከአቅሙ በላይ አለመጫን፣ ከሚጎዳው እንስሳ ጋር አለማሰር፣ ማደሪያውን ማሳመር፣ ልጁን ዓይኑ እያየ አለማረድ ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ። መጀመሪያ ያስቀመጡት ግን ቀለብን ነው። በዚያም አልተወሰኑም፤ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም የማይጠቅም ቢሆን እንኳ ቀለቡ እንደማይቀር አክለውበታል። ሰውየው በመጀመሪያው ሐቅ ላይ ይህን የጨመሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሰው በሬውን ሲያርስ፣ ላሙን ስትታለብ ማብላቱን ማንም አይረሳም፤ ጥቅሙ ራሱ ያስታውሰዋል። ሐቅነቱ የሚፈተነው ጥቅሙ ሲቀር ነው።

ሙስሊሞችም ይህን በኪታብ ብቻ አልተዉትም። ሶሪያዊው ዓሊም ሙስጠፋ አስሲባዒይ ስለ ኢስላማዊ ሥልጣኔ በጻፉት መጽሐፍ፣ ደማስቆ ውስጥ ላረጁና አቅም ላጡ ፈረሶችና እንስሳት ወቅፍ የተደረገ የግጦሽ መስክ እንደነበር መዝግበዋል። ባለቤቱ ያልፈለገው ፈረስ ዕድሜው እስኪያልቅ እዚያ ይግጣል። እኛስ አገር? በየከተማችን መውጫ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ እግሩ ያበጠ ፈረስ አስፋልት ዳር ቆሞ እናያለን። ያረጀችም አህያ ለሌሊት ጅብ ትተዋለች። ባለቤቶቹ ሰጋጆች የሆኑበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጠዋት አንድ ኩንታል የተሸከመውን ፍጡር ማታ ለጅብ የሰጠ ሰው፣ በቂያማ ቀን ምን ብሎ እንደሚመልስ ያስብበት። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ግመል ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ባየ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ ዓይኑ አነባ፤ እርሳቸውም ጆሮው ሥር ዳሰሱት፣ ጸጥም አለ። ከዚያም ባለቤቱን አስጠርተው አላህ በሰጠው እንስሳ ጉዳይ አላህን እንዲፈራ ነገሩት፤ ግመሉ እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ስሞታ አቅርቦበት ነበር።

አሁን ወደ መስገጃው እንመለስ፤ የአባወራው ቁጣ መነሻ እሱ ነውና። ንጽሕናን አጥብቀው መያዛቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በዚህ አንወቅሳቸውም። ሆኖም ነገሩ መለየት አለበት። የድመት አፍ ንጹሕ ነው። ሶሐባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ውዱእ ሊያደርጉ ሲሉ የልጃቸው ሚስት ከብሻ ውሃ ቀዳችላቸው። ድመት መጣች፤ እርሳቸውም እንድትጠጣ ዕቃውን አዘነበሉላት። ከብሻ በመገረም ስታያቸው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በእናንተ መሐል ከሚዘዋወሩት መሆኗን እንደተናገሩ ነገሯት። ሐዲሱን ማሊክ፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ሽንቷ ግን ነጃሳ ነው፤ በዚህ አባወራው ልክ ናቸው። ነጃሳ ደግሞ መፍትሔው ውሃ ነው። አንድ የገጠር ሰው በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በሸና ጊዜ ያዘዙት አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት ነው፤ ሰውየውን ያባርሩ ዘንድ አላዘዙም። ምንጣፉን በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበትና ጨምቃችሁ አውጡ። ከታጠበ በኋላ ለማስለቀቅ የሚያስቸግር ሽታ ቢቀር በመዝሀባችን ይቅር የተባለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለውን ልንገራችሁ፤ መስገጃውን ሰግዳችሁ ስትጨርሱ አጥፋችሁ ከፍ ካለ ቦታ ስቀሉት። ድመቷ ካረጀች አትደርስበትም።

የምትሸናውም በተንኮል አይደለም። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚነግሩን ያረጀች ድመት ብዙ ስትጠጣ፣ ብዙ ስትሸናና ስትከሳ አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊቷ ተዳክሟል ወይም የስኳር በሽታ ይዟታል። ስለዚህ ውሃ አትከልክሏት። ውሃ ከከለከሏት ሽንቷ ይቀንሳል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ይህ በሽታውን ያባብሰዋል፣ ጥማትም ግፍ ነው። ይልቅ ጠርዙ ዝቅ ያለ ካርቶን ወይም ሳፋ ውስጥ አሸዋ ጨምራችሁ ከምትተኛበት አጠገብ አድርጉላት። ወጣት ሳለች ደጅ ወጥታ ትቆፍር ነበር፤ አሁን በሩ ራቀባት። አሸዋው በየቀኑ ይቀየር። ይህን ሥራ ነፍሰ ጡር እህቶች ለሌላ ቢተዉት ይሻላል፤ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍና ፅንስ የሚጎዳ በሽታ አለ።

ምግቧን በተመለከተ፣ ጥርስ ለሌላት አጥንት መወርወር ምግብ መስጠት አይባልም። ሥጋው ወይም ዓሣው ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት ይቀቀል፣ ይድቀቅ፣ ለብ ብሎ በትንሽ በትንሹ ይሰጣት። ሽንኩርት ለድመት ደም ጎጂ ነው፤ ስለዚህ የወጥ ፍርፋሪ አይሆናትም። ወተት ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ ውሃ ይበልጣል። ሙሉ በሙሉ መብላት አቁማ ሁለት ቀን ካለፋት በአካባቢያችሁ ወዳለ የእንስሳት ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። ፀጉሯን እንደ ድሮ መላስ ስለሚያቅታት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት። ጥፍሯንም እዩላት፤ ስለማትቧጭርበት አድጎ ተጣጥፎ የገዛ መዳፏን የሚወጋበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አጥብቄ ላስገንዝብ። አንደኛው መድኃኒት ነው። ድመቷ ስታቃስት አዝነው የሰው የራስ ምታት ክኒን የሚሰጧት አሉ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንድ ፍሬ እንኳ በቂ ነው። ሌሎቹም የሰው የሕመም ማስታገሻዎች አደገኛ ናቸው። እዝነት ከዕውቀት ጋር ካልሆነ ጉዳት ይሆናል። ሁለተኛው የአይጥ መርዝ ነው። ድመቷ ማደን ስታቆም አይጥ ይበዛል፣ ቤተሰቡም ከገበያ መርዝ ይገዛል። መርዙን የበላች አይጥ ፈዝዛ መሐል ቤት ትወጣለች፤ ለዓመታት ሩጣ መያዝ ያቃታት አሮጊት ድመትም ያን ቀን ትይዛታለች። በላቻት ማለት መርዙን በላች ማለት ነው። መርዝ ካስፈለገ ድመቷ ተለይታ ትቀመጥ፣ የሞቱት አይጦችም ወዲያው ተለቅመው ይቀበሩ። ከተቻለ ወጥመዱ ይሻላል፤ ሕፃናትም አሉና።

አንድ ነገር ልጨምር። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ለማዳ የነበረች ድመት ድንገት ጠባይዋ ተለውጦ ሰው ከነከሰች ይህ እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍ። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ አይጧ እንለፍ። ወንድማችን የጠቀሰው ሐዲስ ትክክል ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በሐረም ውስጥም ሆነ ከሐረም ውጭ ሊገደሉ ከተፈቀዱት አምስት ጎጂ እንስሳት አንዷ አይጥ ናት። በዚህም ምክንያት ከመዝሀባችን ሊቃውንት እነዚህን አምስቱን ቤት ውስጥ ማሳደግን የከለከሉ አሉ። ስለዚህ ልጁ ይህችኛዋ ካለፈች በኋላ ሌላ እንዳይገዛ፣ ከፈለገም ድመት ወይም ወፍ እንዲያሳድግ በለዘበ ቃል ይነገረው። እስካሁን ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መግደል መፈቀዱ ማሰቃየት መፈቀዱ አይደለም። በሙስሊም ሶሒሕ ውስጥ ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን ጽፏል፤ በመግደልም ጭምር። ጎተራ ውስጥ ገብታ እህል የምትበላ አይጥና ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶ የሽቦ በር የዘጋባት አይጥ በአንድ ዓይን አይታዩም። የመጀመሪያዋ ሪዝቋን ራሷ ትፈልጋለች። ሁለተኛዋ ልጁ ካላጠጣት ማንም አያጠጣትም። የታሰረችው ድመት ሐዲስ ቃል በቃል ያገኘው ይህን ሁኔታ ነው። ልጁ ሌሊት ተነስቶ ውሃ ማጠጣቱ ታዲያ ወንጀል ሳይሆን ያለበትን ግዴታ መወጣቱ ነው። ሕይወት ያለውን ሁሉ ማጠጣት አጅር እንዳለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት ውሻ ያጠጣውን ሰው ታሪክ ሲነግሩ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ አትከልክለው። እንቅልፉ አሳስቦህ ከሆነ ግን ውሃውን ከምትተኛበት አጠገብ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉላት፤ ያን ጊዜ እሱም ይተኛል፣ እሷም ትጠጣለች።

እግረ መንገዴን ላረጀች አይጥ የሚሆነውን ልጥቀስ። ቤቷ ውስጥ ያሉት መሰላሎችና ፎቆች ይነሱ፤ ወድቃ ትጎዳለች። ምግቧም ውሃዋም ወለል ላይ ይሁን። ጠንካራው ጥራጥሬ በውሃ ይራስላት። መኝታዋ የወረቀት ቁርጥራጭ ይሁን፣ ከብርድና ከነፋስ ትራቅ። ልጁ ነክቷት ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዓይነ ምድሯና ሽንቷ ነጃሳ ስለሆነ ለሶላት የሚለብሰውን ልብስም ይጠብቅ። እንዲህ ያለው እብጠት በአሮጌ አይጦች ላይ የተለመደ ነው፤ የማይድንበት ጊዜም አለ።

ይህ ደግሞ ሁለቱም ጠያቂዎች በየፊናቸው ወዳነሱት የመጨረሻ ነጥብ ያመጣናል። የማይድንና የሚሰቃይ እንስሳ ከስቃዩ እንዲገላገል መግደል ይቻላል ወይ? እዚያ አገር የእንስሳት ሐኪሞች በመርፌ አስተኝተው እንዲሞት ያደርጋሉ። ዑለማእ በዚህ ላይ ተለያይተዋል። የሻፊዒያ ሊቃውንት ሥጋው የማይበላን እንስሳ፣ ለማሳረፍ ተብሎም ቢሆን፣ ማረድን ከልክለዋል፤ ምሳሌ ያደረጉትም ሽባ የሆነች አህያን ነው። ሐነፊያና ማሊኪያ ግን ተስፋ ከተቆረጠ ማሳረፉን ፈቅደዋል። በአገራችን ሁለቱም፣ ሻፊዒይም ሐነፊይም ስላሉ ሁሉም በያዘው መዝሀብ ሊሠራ ይችላል።

በእኔ አመለካከት የአይጧ ጉዳይ ቀላል ነው። ከመነሻው እንድትገደል ከተፈቀዱት ስለሆነች፣ ሐኪሙ ሳያሰቃይ የሚያደርገው ከሆነ ሐረጅ የለውም። ማሰጠምም ሆነ መርገጥ ግን አይፈቀድም። የድመቷ ጉዳይ ይከብዳል። የደሴዋ ድመት ከተጻፈው እንደምረዳው ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ፀሐይ ላይ ትተኛለች። ይህች አርጅታለች እንጂ በጣር ላይ አይደለችም፤ እርሷን ለመግደል ምክንያት የለም። መብላት አቁማ፣ ሕመሙ ጸንቶባት፣ ሐኪም አይቶ ተስፋ የላትም ካለ፣ የሐነፊያን ቃል የያዘ ሰው አይወቀስም። ውሳኔው ግን የሕመሟ ይሁን። የባለቤት መሰላቸት የድመቷ በሽታ አይደለም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሳ የኑሮ ጥያቄም አለ። «ለሰው ያልበቃ ለድመት?» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ የኑሮውን ክብደት አውቃለሁና አልቆጣቸውም። የልጅ ቀለብ ይቀድማል፤ ይህ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን አንዲት አሮጊት ድመት በቀን የምትፈልገው እፍኝ አይሞላም። አቅም የሌለው ሰው መርፌና ውድ ሕክምና የማቅረብ ግዴታ የለበትም፤ ውሃ፣ ለስላሳ ምግብና ብርድ የማይገባበት ጥግ ግን ከማናችንም አቅም በላይ አይደሉም። ከምድጃው አጠገብ ያለ አሮጌ ጨርቅ ይበቃታል።

ልጆችም ያያሉ። ይህን ስል ወላጅን ከድመት ጋር ላነጻጽር አይደለም፤ አስተግፊሩላህ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ወላጆቻችን አጠገባችን ሆነው ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ያዘዘን ከእርሱ መገዛት ጋር አያይዞ ነው፤ ደረጃው የት እና የት። የምለው ሌላ ነው። ምንጣፍ ላይ የሸና ፍጡር በጆንያ ሲወጣ ያየ ልጅ፣ ምንጣፍ ላይ መሽናት ከቤት የሚያስወጣ ጥፋት መሆኑን ይማራል። አያቱም እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው።

ስትሞትስ ምን ይደረግ? ብዙ የለውም። ትጥበትም ሶላትም የላትም፤ ውሻ እንዳያወጣት ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ተቆፍሮ ትቀበራለች። በድኗ ነጃሳ ስለሆነ የቀበረ ሰው እጁንና ልብሱን ይጠብ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም ሆነ ወንዝ ውስጥ መጣል ለጎረቤት በሽታ ነው።

ልጅ ቢያለቅስ «ለአይጥ ታለቅሳለህ?» ብላችሁ አትሳቁበት። የአነስ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ሞተችበትና አዘነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ ኡማ ጉዳይ በጫንቃቸው ላይ እያለ፣ ሕፃኑን ስታዩት በቅጽል ስሙ ጠርተው ስለ ወፊቱ ጠየቁት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለማእ ከዚህች አጭር ሐዲስ ብዙ የፊቅህ ነጥቦችን አውጥተዋል፤ ስለእርሷ ብቻ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያዘጋጁም አሉ። ወንድማችን ልጁን ምን ብሎ እንደሚያጽናናው ጠይቆናል፤ ስለ አይጧ ይጠይቀው። ምን ትወድ እንደነበር፣ መቼ እንደመጣች፣ ልጁ ይናገር።

ከደሴዋ እናት ደብዳቤ ግርጌ ድመት መሸጥና መግዛት ይፈቀዳል ወይ የሚል አጭር ጥያቄም አለ። በሙስሊም ሶሒሕ ከጃቢር (ረ.ዐ.) የተዘገበ ሐዲስ ስላለበትና የዑለማእ ልዩነቱም ሰፋ ያለ ስለሆነ በሚቀጥለው ዝግጅት ኢንሻአላህ እንመለስበታለን። እስከዚያው አባወራው ጆንያውን ለእህል ይጠቀሙበት።